ሞተርሆም አውራ ጎዳና ላይ ሲበላሽ፦ ከመጀመሪያው ደቂቃ እስከ ጋራዡ በር

አሜሪካ ውስጥ ሞተርሆም (ውስጡ መኝታና ማብሰያ ያለው መኪና) ተከራይተው ወይም ገዝተው ቤተሰብ ጭነው የሚወጡ ሰዎች መንገድ ላይ ሲቆሙ ብዙውን ጊዜ የሚያስቸግራቸው ብልሽቱ ሳይሆን የስልክ ጥሪው ነው። «መኪናችን ቆመች» ብለው ይደውላሉ፣ ሁለት ሦስት ሰዓት ይጠብቃሉ፣ የሚመጣው ግን ለቤት መኪና የሚሆን ትንሽ ቶው ትራክ (ጎታች መኪና) ነው። ሾፌሩ ዙሪያውን አይቶ «ይህን አላነሳም» ይልና ይመለሳል፤ ጥበቃውም እንደገና ይጀምራል። የመንገድ እርዳታ አባልነታቸው ሞተርሆምን እንደማይሸፍን የሚያውቁት ሒሳቡ ሲመጣ የሆነባቸውም ጥቂት አይደሉም።

ይህ መመሪያ በዋናነት የተጻፈው ከሾፌሩ ራስ በላይ አልጋ ላለው ክላስ ሲ ነው። ኪራይ ቤቶች በብዛት የሚያከራዩት እሱን ነው፤ አብዛኛውም በፎርድ ኢ-450 ላይ የተሠራ ነው። አውቶቡስ የሚመስለው ክላስ ኤ እና በቫን ላይ የተሠራው ክላስ ቢ የሚለዩበት ቦታ ሲደርስ ለብቻው ይጠቀሳል።

1. ከቤት ሳትወጡ

የመረጃ ወረቀት አዘጋጁ

አንድ ወረቀት ላይ ጻፉና የሾፌሩ ፀሐይ መከላከያ ውስጥ አስገቡት፤ ፎቶውን ደግሞ በሁለት ሰው ስልክ ያዙ። መኖር ያለበት ይህ ነው፦

- ርዝመት በጫማ፣ ከኋላ የታሰረ ነገር ካለ ተጨምሮ።
- ከፍታ፣ ጣሪያ ላይ ያለው ኤር ኮንዲሽነር ተጨምሮ። የ11 ጫማ ሞተርሆም ማለት የተለመደ ነው፤ እናንተ ግን ለክታችሁ ወይም አከራዩን ጠይቃችሁ ትክክለኛውን ጻፉ።
- ከፍተኛ የተፈቀደ ክብደት። በሾፌሩ በር ማዕቀፍ ላይ የተለጠፈው ወረቀት ላይ አለ፤ ለኢ-450 አብዛኛውን ጊዜ 14,500 ፓውንድ ነው።
- የታችኛው አካል ሠሪ እና የቤቱ ሠሪ፣ ሁለቱም። ጎኑ ላይ በትልቁ የተጻፈው የቤቱ ሠሪ ስም ነው፤ ሞተሩ፣ ካምቢዮውና ፍሬኑ የፎርድ ናቸው። ጎታቹም ሆነ ጋራዡ መጀመሪያ የሚፈልጉት ፎርድ መሆኑን ነው።
- ቤንዚን ወይስ ናፍጣ፣ የሚገፋው በኋላ ጎማ ወይስ በፊት ጎማ።
- የጎማው ልክ ከጎኑ ተነቦ፣ ለምሳሌ ኤልቲ225/75አር16፣ ሎድ ሬንጅ ኢ። ስኮርታ አለ ወይስ የለም።
- 17 ፊደልና ቁጥር ያለው የሻንሲ ቁጥር፣ የአባልነትና የኢንሹራንስ ቁጥር፣ የእርዳታ ስልክ።

ሽፋኑን በስልክ አረጋግጡ

የትሪፕል ኤ (የአሜሪካ የመኪና ማኅበር) መደበኛ አባልነት ስላላችሁ ተሸፍነናል ብላችሁ አትውጡ። ለሞተርሆም በአብዛኛው ለብቻው የሚጨመር የአር ቪ (ሞተርሆምና መሰል ተሽከርካሪ) ሽፋን ያስፈልጋል። ጉድ ሳም እና ኮች-ኔት ደግሞ በቀጥታ ለሞተርሆም የተዘጋጁ ናቸው። የትኛውንም ብትይዙ ደውሉና እነዚህን ጠይቁ፦ በዚህ ርዝመትና ክብደት ይሸፍናል ወይ? የሚጎትተው እስከ ስንት ማይል ነው፣ ወይስ እስከሚቀርበው ብቁ ጋራዥ? ጭቃ ውስጥ ከገባን በገመድ ያወጣል ወይ፣ ከአስፋልቱ እስከ ስንት ጫማ ድረስ? ለአንድ ብልሽት ስንት ጊዜ ይጎትታል? የመጨረሻው ጥያቄ ቀላል ይመስላል፤ ለምን እንደሚጠቅም ደረጃ 8 ላይ ታገኙታላችሁ።

ከተከራያችሁ ውሉ ላይ የተጻፈው የእርዳታ ቁጥር ይቀድማል። በራሳችሁ ፈቃድ የጠራችሁትን ጎታች ወይም ያሠራችሁትን ጥገና አከራዩ ላይከፍል ይችላል።

ዕቃ

ሦስት አንጸባራቂ ትሪያንግል፣ ለእያንዳንዱ አዋቂ አንጸባራቂ ሰደርያ፣ አራት የጎማ ታኮ፣ ራስ ላይ የሚታሰር መብራት፣ ወፍራም የባትሪ ገመድ፣ መለዋወጫ ፊውዝ፣ ቮልት መለኪያ፣ ጓንት፣ ከ80 ፒ ኤስ አይ በላይ የሚያነብ የጎማ አየር መለኪያ፣ አንድ ጋሎን ለሞተሩ የተፈቀደ ኩላንት፣ የሚጠጣ ውኃ፣ ብርድ ልብስ።

ከመነሳታችሁ በፊት የጎማውን ዕድሜ እዩ። ጎኑ ላይ «ዶት» ከሚለው ፊደል ተራ መጨረሻ ላይ አራት አሃዝ አለ፤ 3519 ከሆነ በ2019 በ35ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ሞተርሆም ብዙ ቆሞ ስለሚከርም ጥርሱ አዲስ መስሎ ውስጡ ያረጀ ጎማ የተለመደ ነው። ስድስት ሰባት ዓመት ካለፈው ባለሙያ ሳያየው ረጅም መንገድ አትውጡበት፤ የተከራያችሁት ከሆነ ቁልፉን ሳትቀበሉ ጠይቁ።

2. ችግሩ ሲጀምር፦ የት ታቆማላችሁ?

መብራት ሲበራ፣ ድምፅ ሲለወጥ ወይም ሽታ ሲመጣ አራቱንም ፍሬቻ አብሩና ሰፊ ቦታ ፈልጉ። ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው፦ ማረፊያ ቦታ ወይም መውጫ፣ ካልሆነ ቀጥ ያለና ሰፊ የመንገድ ትከሻ። ኩርባ ላይ፣ ከኮረብታ ጫፍ ወዲያ ማዶ እና ድልድይ ላይ አታቁሙ። ወደ ሣር መውጣትም አደጋ አለው፤ ከ10,000 ፓውንድ በላይ የሚከብድ መኪና ለስላሳ አፈር ይውጠዋል፣ የጋለ ማርሚታም ደረቅ ሣር ያቃጥላል።

ጎማ ከፈነዳ ፍሬን አትርገጡ። መሪውን በሁለት እጅ አጥብቃችሁ ያዙ፣ መኪናው ቀጥ እስኪል ነዳጁን ለጥቂት ሰከንድ ባለበት አቆዩ፣ ከዚያ ቀስ ብላችሁ ልቀቁና ፍጥነቱ በራሱ ሲወርድ ወደ ዳር ውጡ። ድንገት ፍሬን መርገጥ ክብደቱን ወደ ፈነዳው ጎን ይጥለዋል፤ መኪናው የሚገለበጠውም ያኔ ነው።

3. የመጀመሪያዎቹ አምስት ደቂቃዎች

1. ፍሬቻው እንደበራ ይቆይ። ማርሹን ፒ ላይ አድርጉ፣ የእጅ ፍሬን ያዙ፣ የፊት ጎማውን ወደ ቀኝ አጥፉ።
2. ሁሉም ሰው በቀኝ በኩል ባለው የቤቱ በር ይውጣ። የሾፌሩ በር ወደ ትራፊኩ ስለሚከፈት አትጠቀሙበት።
3. ሰዎች ከብረት አጥሩ ማዶ ወይም ከመንገዱ ራቅ ብለው ይቁሙ። ከመኪናው ፊት ለፊት ማንም አይቁም፤ ከኋላ ቢገጭ የሚገፋው ወደዚያ ነው። መውጫ ቦታ ከሌለ፣ ለምሳሌ ድልድይ ላይ ከሆናችሁ፣ ውስጥ ቀበቶ አስራችሁ ወዲያውኑ 911 ደውሉ።
4. የፕሮፔን ጋዙን ሲሊንደሩ ላይ ዝጉ። ፍሪጁ እየሄዳችሁ በጋዝ ይሠራ ከነበረ ይጠፋል፤ በሩን ካልከፈታችሁት ለሰዓታት ቅዝቃዜውን ይይዛል። ጋዝ ከሸተተ ግን ማብሪያ ማጥፊያ አትንኩ፤ ውጡ፣ ራቁ፣ ከርቀት 911 ደውሉ።
5. ታኮ አስገቡ። ትሪያንግሉን ደረታችሁ ላይ ወደ ትራፊኩ አዙራችሁ ይዛችሁ ሂዱ፤ አቅጣጫዎቹ በአካፋይ በተለዩበት አውራ ጎዳና ላይ ከመኪናው ኋላ በ10፣ በ100 እና በ200 ጫማ አስቀምጡ። በሁለት አቅጣጫ በሚሄድበት መንገድ ግን አንዱ 100 ጫማ ፊት፣ ሁለቱ ኋላ በ10 እና በ100 ጫማ ይሁኑ። ትከሻው ጠባብ ከሆነና መኪኖች ተጠግተው የሚያልፉ ከሆነ ይህን ተዉት። ለትሪያንግል ሲባል ሰው አይሞትም።

እሳት ወይም ወፍራም ጭስ ካያችሁ ከዚህ ሁሉ አንዱንም አትሥሩ፤ ወዲያውኑ ውጡና ራቁ። ሞተርሆም በደቂቃዎች ውስጥ ነድዶ ያልቃል። በሩ ከተዘጋባችሁ ቀይ መክፈቻ ያለውን የአደጋ መውጫ መስኮት ወደ ውጭ ግፉት፤ የት እንዳለ ልጆቹም ጭምር ጉዞ ሳይጀመር ይወቁ።

4. መጀመሪያ ለማን ይደወላል?

መኪናው የሚሄድበትን መስመር ከዘጋ፣ ሰው ከተጎዳ፣ እሳት ካለ ወይም ኩርባ ላይ ከቆማችሁ 911 ነው። አስቀድማችሁ ያላችሁበትን በእንግሊዝኛ ተናገሩ፣ ከዚያ «አምሃሪክ» በሉ፤ ብዙ የ911 ማዕከሎች በስልክ አስተርጓሚ ያገናኛሉ። ስልኩን አትዝጉ፤ አስተርጓሚው እስኪገባ መስመሩ ዝም ሊል ይችላል።

አደጋው የከፋ ካልሆነ የግዛቱን የአውራ ጎዳና ቁጥር ተጠቀሙ፦ በቨርጂኒያና በሜሪላንድ #77፣ በፍሎሪዳ *347፣ በጆርጂያ 511፣ በፔንሲልቬንያ ተርንፓይክ ላይ *11። በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ትልልቅ መንገዶች ላይ የሚዞሩት የግዛቱ አጋዥ መኪኖች በነፃ ከኋላችሁ ቆመው በመብራት ይከልሏችኋል። ጎታች እስኪመጣ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ቀጥሎ፦ የተከራያችሁ ከሆነ አከራዩ፤ የራሳችሁ ከሆነ የመንገድ እርዳታችሁ። ሳትጠሩት መጥቶ «እኔ ላንሳችሁ» የሚል ጎታች ቢቆም አመስግናችሁ ሸኙት፤ ምንም አትፈርሙ።

ክፍያ ባላቸው መንገዶች ላይ ግን የምትመርጡት ላይኖር ይችላል። በኒው ዮርክ ትሩዌይ፣ በኒው ጀርሲ ተርንፓይክ እና በፔንሲልቬንያ ተርንፓይክ የሚያነሳው ፈቃድ የተሰጠው ጎታች ብቻ ነው። ያኔ ለእርዳታ ድርጅታችሁ ደውላችሁ ይህንኑ አስመዝግቡ፣ ከፍላችሁ ዝርዝር ደረሰኝ ያዙ፣ በኋላ ገንዘቡን ጠይቁ።

5. ጥሪው፦ ዲስፓቸሩ ምን መስማት አለበት?

ዲስፓቸሩ፣ ማለትም ጥሪውን ተቀብሎ ጎታች የሚልከው ሰው፣ በዚህ ቅደም ተከተል ይስማችሁ፦

1. ቦታ። የመንገዱ ቁጥር፣ አቅጣጫው፣ የማይል ምልክቱ። «አይ-81 ሳውዝ፣ ማይል 203» በቂ ነው። የማይል ምልክቱ ከመንገዱ ዳር ያለችው ትንሽ አረንጓዴ ሰሌዳ ላይ አለች። አቅጣጫው ከተሳተ ጎታቹ በተቃራኒው መስመር ያልፋችሁና ቀጣዩን መውጫ ፍለጋ ብዙ ማይል ይሄዳል።
2. ምን ዓይነት መኪና። «ካር» ወይም «ቫን» አትበሉ። «ሞተርሆም፣ ክላስ ሲ፣ ፎርድ ኢ-450» በሉ፣ ከዚያ ርዝመቱን፣ ከፍታውንና ክብደቱን ከወረቀቱ አንብቡ።
3. የምትፈልጉት ጎታች። ለክላስ ሲ «ሚዲየም ዲዩቲ» (መካከለኛ ጎታች) ወይም «ሄቪ ዲዩቲ» (ከባድ ጎታች)፣ ለትልቁ ክላስ ኤ «ሄቪ ዲዩቲ» ብላችሁ በስሙ ጠይቁ። ዲስፓቸሩ «ፍላትቤድ (መኪናውን ጠፍጣፋ ጀርባው ላይ የሚጭን) ልኬያለሁ» ካለ አስቁሙት፦ የፍላትቤዱ ወለል ከመሬት ሦስት ጫማ ተኩል ያህል ነው፤ 11 ጫማ ሲጨመርበት 14 ጫማ ተኩል ይሆናል። በብዙ ግዛቶች የተፈቀደው ከፍታ 13 ጫማ ከ6 ኢንች ነው።
4. ምልክቱ። ምርመራችሁን ሳይሆን ያያችሁትን ተናገሩ፦ «ቁልፉን ሳዞር አንድ ጊዜ ቀጭ ይላል»፣ «የሙቀት መለኪያው ቀይ ገብቶ አረንጓዴ ፈሳሽ እየፈሰሰ ነው»።
5. ሰው። ስንት ሰው፣ ሕፃን፣ የታመመ፣ በፍሪጅ የሚቀመጥ መድኃኒት። ይህ ብዙ ጊዜ ተራችሁን ያስቀድመዋል።

ስልኩን ከመዝጋታችሁ በፊት የጥሪውን ቁጥር፣ የጎታች ድርጅቱን ስምና ቀጥታ ስልኩን ተቀበሉ። ከ15 ደቂቃ በኋላ ለጎታቹ ራሱ ደውሉና «ምን ዓይነት መኪና ነው የላካችሁት?» በሉት። ስህተት ካለ የሚታረመው የተላከው መኪና ብዙ መንገድ ሳይሄድ ነው። ከዚህ መመሪያ አንድ ነገር ብቻ ብትይዙ ይህችን ጥሪ ያዙ።

6. እየጠበቃችሁ መሞከር የምትችሉት

እነዚህን ሞክሩ የሚባለው ቦታው ከትራፊክ የራቀ ከሆነ ብቻ ነው።

ሞተሩ አይነሳም

ሞተርሆም ሁለት የባትሪ ወገን አለው፦ የሞተሩ እና የቤቱ። የቤቱ መብራት በደንብ እየበራ ሞተሩ ዝም ካለ የሞተሩ ባትሪ ወርዷል ማለት ይሆናል።

1. ማርሹን ፒ ላይ አጥብቁ፤ ካልሆነ ኤን ላይ አድርጋችሁ ሞክሩ።
2. ዳሽቦርዱ ላይ «አክስ ስታርት» ወይም «ባተሪ ቡስት» የሚል ቁልፍ ፈልጉ። የቤቱን ባትሪ ከሞተሩ ጋር ያገናኛል። ተጭናችሁ አንድ ደቂቃ ያህል ያዙ፣ ሳትለቁ ሞተሩን አስነሱ።
3. የቤቱም ባትሪ ደካማ ከሆነ ጄኔሬተሩን አስነሱና ግማሽ ሰዓት ያህል ይሙላ፤ ከዚያ ድገሙት። ጄኔሬተሩ አልነሳ ካለ የነዳጁን መጠን እዩ፤ በቤንዚን ሞተርሆም ላይ ከሩብ ታንክ በታች ሲሆን ነዳጅ እንዳይስብ ተደርጎ የተሠራ ነው። የጄኔሬተሩ ጭስ ወደ መስኮት እንዳይገባ ዝጉ፤ የካርቦን ሞኖክሳይድ ጠቋሚው መሥራቱንም አረጋግጡ።
4. ተነሥቶ ከሆነ ቮልቱን ለኩ። ሞተሩ እየሠራ ከ13.5 እስከ 14.5 መሆን አለበት። 12 አካባቢ ሆኖ እየወረደ ከሄደ ኦልተርኔተሩ ወይም ቺንጋው ነው፤ መንገድ አትቀጥሉ፣ ጥቂት ማይል ሄዶ ከባሰ ቦታ ላይ ይቆማል።

መብራቱ ሳይደበዝዝ አንድ ጊዜ ብቻ ቀጭ ካለ የባትሪውን ራስ ፈትሹ፤ ላልቶ ወይም ነጭ ዱቄት ይዞ ከሆነ አጽድታችሁ አጥብቁ። ከዚያም ካልሆነ ሞተሪኖው ነው፤ ጎታች ጠብቁ።

ሞተሩ ሞቀ

መለኪያው መውጣት ሲጀምር ኤር ኮንዲሽነሩን አጥፉ፣ የማሞቂያውን ሙቀትና ማራገቢያ እስከ መጨረሻው ክፈቱ። ካልወረደ ቁሙና ሞተሩን አጥፉ። የራዲያተር ክዳን ቢያንስ ግማሽ ሰዓት አይከፈትም፤ ከዚያም በኋላ ላይኛው ቱቦ በእጅ ሲያዝ የማያቃጥል መሆን አለበት። ቀዝቅዞ ፈሳሹ ጎድሎ ካገኛችሁ ጨምሩና ከሥር እዩ፦ የሚፈሰው በጅረት ከሆነ መሙላቱ ዋጋ የለውም። ዳገት ላይ ብቻ የሚሞቅ ከሆነ በዝቅተኛ ማርሽ በቀስታ ወጥታችሁ የሚቀርበው መውጫ ድረስ መድረስ ይቻል ይሆናል።

ቁልቁለት ላይ የፍሬን ሽታ ከመጣ ደግሞ ቁሙ፣ ታኮ አስገቡ፣ ውኃ አታፍስሱበት፤ በራሱ ይቀዝቅዝ። ስትቀጥሉ ቶው-ሆል የሚለውን ቁልፍ ተጫኑና በዝቅተኛ ማርሽ ውረዱ።

ጎማ

የኋላው ጥንድ ጎማ ላይ አንዱ ሲወጣ መኪናው ያዘነበለ አይመስልም፤ ስለዚህ ብዙ ሰው «እስከ ከተማ ልድረስ» ይላል። አትድረሱ። የኢ-450 የኋላ አክስል እስከ 9,600 ፓውንድ ያህል ይሸከማል፤ በአንድ ጎን 4,800 ማለት ነው። ከላይ የጠቀስነው ልክ ያለው አንድ ጎማ ለብቻው በ80 ፒ ኤስ አይ የሚችለው 2,680 ፓውንድ ነው። የቀረው ጎማ ይግላል፣ ይፈነዳል፣ የፍሬን ቱቦና የፍሳሽ ቧንቧ ይዞ ይሄዳል።

ራሳችሁ አትቀይሩት። የትንሽ መኪና ክሪክ አያነሳውም፤ ለማረፊያ ማስተካከያ የተሠሩት የሞተርሆሙ እግሮችም ጎማ ለመቀየር አይደሉም። ለዲስፓቸሩ የጎማውን ልክ፣ የውስጡ ይሁን የውጩ፣ ስኮርታ መኖር አለመኖሩን ንገሩትና ተንቀሳቃሽ የከባድ መኪና ጎሚስታ እንዲልክ ጠይቁ። ድርጅቱ የሚሸፍነው አገልግሎቱን ነው፤ የአዲሱ ጎማ ዋጋ ብዙውን ጊዜ የእናንተ ነው።

7. ጎታቹ ሲመጣ

ከመነካቱ በፊት አራቱንም ጎን፣ ጣሪያውን ከተቻለ፣ የማይል ቁጥሩን ፎቶ አንሱ። መወጣጫ ደረጃውን፣ አንቴናውን፣ እግሮቹን፣ ተንሸራታች ክፍሉን አስገቡ። ቁም ሣጥንና ፍሪጁን ቆልፉ። መድኃኒት፣ ሰነድ፣ የሕፃናት መቀመጫ፣ ቻርጀር ይዛችሁ ውረዱ፤ ሲጎተት ውስጥ ማንም አይቀመጥም። የጎታቹ ካቢን ስንት ሰው እንደሚይዝ አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ለቀሩት ታክሲ የሚያስጠሩበት መውጫ ፈልጉ።

ከዚያ ሾፌሩን ሁለት ነገር ጠይቁ። ድራይቭ ሻፍቱን (ከካምቢዮው ወደ ኋላ ጎማ ኃይል የሚያስተላልፈውን ዘንግ) ትፈታዋለህ ወይ? ፊቱ ተነሥቶ የኋላ ጎማው መሬት ላይ እየዞረ ከተጎተተ ካምቢዮው ውስጥ ያሉ ክፍሎች አብረው ይዞራሉ፤ ሞተሩ ጠፍቶ ስለሆነ ግን ዘይቱን የሚገፋው ፓምፕ አይሠራም። ጥቂት ማይል ብቻ ካምቢዮውን ሊያቃጥለው ይችላል። ወይ ድራይቭ ሻፍቱ ይፈታል፣ ወይ የአክስሉ ዘንጎች ይወጣሉ። «አጭር መንገድ ነው፣ ችግር የለም» ካለ እርዳታ ድርጅታችሁ ጋ ስልኩን አገናኙት። ጅራቱስ? ክላስ ሲ ከኋላ ጎማው በስተኋላ ረጅም አካል ስላለው ፊቱ ሲነሣ ጋንቾውና የፍሳሽ ቧንቧው አስፋልት ሊነካ ይችላል። ሳይነሣ ከሥር ይይ።

የናፍጣ ክላስ ኤ የአየር ፍሬን ካለው ከጎታቹ አየር ካልተሰጠው የኋላ ጎማው አይለቅም፤ ይህን ስትደውሉ ተናገሩ። በራም ፕሮማስተር ላይ የተሠራ ክላስ ቢ ደግሞ በፊት ጎማ የሚገፋ ስለሆነ መነሣት ያለበት ፊቱ ነው።

በባልቲሞር በኩል የሚያልፍ ከሆነ ፕሮፔን የጫነ ሞተርሆም በሁለቱ ዋሻዎች አይፈቀድም። የኪ ድልድይ በ2024 ከፈረሰ ወዲህ አማራጩ በአይ-695 ቀለበት መንገድ ምዕራባዊ ክፍል መዞር ነው፤ ጭማሪው ማይል ማን ላይ እንደሚወድቅ ከመነሳቱ በፊት ተነጋገሩ።

8. የት ይጎተት?

ሞተር፣ ካምቢዮ፣ ፍሬን፣ መሪ ከሆነ የፎርድ ጋራዥ፣ በተለይ የንግድ ከባድ መኪና የሚሠራው። ተንሸራታች ክፍል፣ ጄኔሬተር፣ ፍሪጅ፣ ውኃ ከሆነ የአር ቪ ጋራዥ። የተምታታ ቦታ የተጣለ ሞተርሆም ቀናት ቆሞ እንደገና ይጎተታል።

ማንኛውም ጋራዥ ከመመረጡ በፊት እናንተው ደውሉ፦ በራችሁ ይህን ከፍታ ያስገባል? ማንሻችሁ ይህን ክብደት ይችላል? መቼ ታዩታላችሁ? ግቢያችሁ ውስጥ ማደርና ኤሌክትሪክ መሰካት ይቻላል? የመጀመሪያዎቹን ሁለት የማያልፉ የፎርድ ጋራዦች ብዙ ናቸው።

ዓርብ ማታ ከሆነ ተጠንቀቁ። ድርጅቱ ለአንድ ብልሽት አንድ ጊዜ ብቻ የሚጎትት ከሆነና ወደ ጎታቹ ግቢ ከተወሰደ፣ ሰኞ ወደ ጋራዥ የሚወስደው በእናንተ ወጪ ነው፤ የየቀኑ የማቆያ ክፍያም ይጨመራል። ጋራዡ ዝግ ቢሆንም ቁልፍ የሚጣልበት ሣጥን ካለው በቀጥታ እዚያ እንዲያደርሰው ጠይቁ።

ኪራይ ከሆነ ጋራዡ አንድ ብሎን ከመፍታቱ በፊት ከአከራዩ የፈቃድ ቁጥር በጽሑፍ ተቀበሉ። የተናገራችሁትን ሰው ስምና ሰዓት መዝግቡ፤ የሆቴልና የጠፋ ቀን ማካካሻ ውሉ ላይ ካለ በዚያው ጥሪ ጠይቁ።

9. ተሠርቶ ሲወጣ

ዝርዝር ደረሰኙ ላይ የጎታቹ ማይል፣ ማንጠልጠያ ክፍያውና ድራይቭ ሻፍቱን መፍታቱ ተለይተው ይጻፉ። ድራይቭ ሻፍቱ ተመልሶ በሁሉም ብሎኖቹ መታሰሩን በጋራዡ አስፈትሹ። ጎማ ከተቀየረ ዳዶዎቹን ከ50 እስከ 100 ማይል ከሄዳችሁ በኋላ በቶርክ ቁልፍ አስጠብቁ፤ አዲስ የገባ ጎማ ዳዶ የሚላላው በዚያ ርቀት ውስጥ ነው። ጋዙን ክፈቱ፣ ፍሪጁን አብሩ፣ የካርቦን ሞኖክሳይድና የጋዝ ጠቋሚውን ቁልፍ ተጫኑና ድምፃቸውን ስሙ፤ ከዚያ ለመጀመሪያዎቹ 20 ማይሎች መውጫ በሚበዛበት መንገድ ሂዱ።